ከአርባው ቀን በፊት

አንዲት ሴት በሰላም ስትገላገል ጎረቤቱም ዘመዱም የሚላት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ነው። መልካም ቃል ነው፤ ከአፋችን እንዲጠፋ የሚመኝ ያለ አይመስለኝም። ይሁን እንጂ እኔ አማርኛ አስተማሪ ስለ ሆንኩ ቃሉን በሰዋስው ዓይን ሳልመለከተው አላልፍም። «ማረች» ኀላፊ አንቀጽ ነው። ጭንቁ አልፏል፤ ነገሩ ተፈጽሟል ማለት ነው። እውነትም ቤተ ሰቡ ሁሉ የሚያስበው እንዲሁ ነው። ምጡ ሳለ ያልተጨነቀ አልነበረም፤ ሕፃኑ ካለቀሰ በኋላ ግን ፍርሃት ከቤቱ ይወጣል፤ በምትኩ ገንፎ ይገባል።

ሐኪሞች የሚነግሩን ከዚህ ይለያል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ከወለዱ በኋላ ከሚሞቱት እናቶች ግማሽ ያህሉ የሚሞቱት በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ከ100ው 66ቱ ደግሞ ሰባት ቀን ሳይሞላቸው ያልፋሉ። ስለዚህም ድርጅቱ ወላድ ቢያንስ 24 ሰዓት በጤና ተቋም እንድትቆይ፣ ከዚያም በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት እንድትታይ ይመክራል። እንግዲህ አደገኞቹ ቀኖች እልልታው ገና ያላበቃባቸው፣ ጠያቂው የሚመላለስባቸው ቀኖች ናቸው።

በአገራችንስ እንዴት ነው? በ2016 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ከ100 ወላዶች በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት 17ቱ ብቻ ነበሩ። በ2019 በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 34 ከፍ ብሏል፤ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን በዚያው ጥናት በጤና ተቋም የተወለዱት ሕፃናት ከ100 48 ነበሩ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ ነገር ይገባዋል። በሐኪም እጅ ከወለዱት እንኳ ጥቂት የማይባሉት ሳይታዩ ቀርተዋል። ስለዚህ «ሴቶቻችን ሐኪም ቤት አይወዱም» ብሎ ነገሩን መዝጋት አይቻልም።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን የምጽፈው አራስ መጠበቅን የማናውቅ ሕዝብ ነን ለማለት አይደለም። እንዲያውም አራስን በመንከባከብ የሚያህለን ሕዝብ ጥቂት ይመስለኛል። ለዚህ ሥራ ራሱን የቻለ ግሥ አለን። እናት ልጇ ስትወልድ «ላርሳት ነው የምሄደው» ብላ ከሩቅ አገር ጓዟን ጠቅልላ ትመጣለች። አጥሚቱ፣ ገንፎው፣ ቅንጬው፣ የተልባው ውሃ፣ ወገብ ማሰሩ፣ ውሃ አሙቆ ገላ ማጠቡ ሁሉ የእርሷ ሥራ ነው። ወንድ ከሆነ እስከ 40 ቀን፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን፣ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አራሲቱ ከቤተ ክርስቲያን ትቆያለች። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም 40 ቀን ይቈጥራሉ። ብርድ እንዳይመታት፣ የሰው ዓይን እንዳያርፍባት በሩ ይዘጋል፤ ከትራሷ ሥር ብረት ይደረጋል። ይህ ሁሉ አንዲት የደከመች ሴት ውሃ ሳትቀዳ፣ እንጀራ ሳትጋግር እንድታርፍ ያደረገ ሥርዓት ነው። ችግሩ ሌላ ነው። በሩ ብርዱን የሚያስቀርበት መዝጊያ አዋላጇንም አብሮ ያስቀራል።

እዚህ አስኮ የምኖርበት ግቢ ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። አምስት ተከራዮች ነን። ከመካከላችን አንዲቱ ወጣት የመጀመሪያ ልጇን በጤና ተቋም ወለደችና ገና 24 ሰዓት ሳይሞላት ተመለሰች፤ አልጋው ለሌላ ወላድ ይፈለግ ነበር አሉ። የተሰጣት ቀጠሮ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሕፃኑ የ45 ቀን ክትባት። እናቷ ሊያርሷት ከገጠር መጥተው ነበርና ቤቱ ሙሉ ነበር። በአምስተኛው ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ልጠይቃት ገባሁ። ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ትንቀጠቀጣለች፤ እጇ ግን እንደ ምጣድ ይፋጃል። እናቷ ዳማ ከሴ አሽተው ያሸቷታል፤ «ምች ነው የመታት፤ ትናንት ጠያቂ ሲወጣ በሩ ክፍት ቀርቶ ነበር» አሉኝ።

ሐኪም ዘንድ እንውሰዳት ብል፣ «አንቺ ልጅ፤ አራስ በአምስት ቀኗ ከደጅ ትወጣለች? የአስኮ ብርድ እንዴት ያለ እንደ ሆነ ታውቂው የለም ወይ? ዓይኑስ?» ብለው ተቈጡ። ባሏም በአማቱ ፊት የሚናገረው ጠፍቶት አንገቱን ደፋ። ለካ ነገሩን የሚፈታው የእኔ የኮሌጅ ትምህርት አልነበረም። አከራያችን፣ ስድስት ልጅ የወለዱት እናት፣ ጭቅጭቁን ሰምተው ገቡ። ግንባሯን ዳሰሱ፤ የተኛችበትን አንሶላ ገልጠው አሸተቱ። ከዚያ ለእናቷ፣ «እኅቴ፤ ብርዱን በጋቢ እንከለክለዋለን፤ ዓይኑን በጃንጥላ እንከለክለዋለን፤ ብረቱንም በእጇ ትያዝ። ይህን ሽታ ግን በምን እንከለክለዋለን?» አሏቸው። ታክሲ እስከ በሩ ድረስ መጣ። አራሲቱ በሁለት ጋቢ ተጠቅልላ፣ ቢላዋ በእጇ ይዛ፣ በጃንጥላ ተከልላ ወጣች። እናቷም ሕፃኑን ታቅፈው ተከተሉ።

የማኅፀን ቁስለት ነበር። በመርፌ መድኃኒት ተሰጣት፤ ጥቂት ቀን ተኝታ ዳነች። ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ በልቤ የቀረው አዋላጇ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብላ ስትጠይቃት የሰጠችው መልስ ነው። «ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ ሆዴን ያመኝ ነበር። ግን በዚያ ቀን ገንፎ ተገንፍቶ እንግዳ ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ሳለ እንዴት አመመኝ ልበል?» አለች።

እንግዲህ መዘግየት የሚጀምረው እዚህ ነው። ታክሲ ከመታጣቱም፣ ገንዘብ ከመቸገሩም በፊት አራሲቱ ራሷ ዝም ትላለች። ደስታውን ላለማበላሸት ዝም ትላለች። ደሙና ሽታው ስለሚያሳፍራትም ዝም ትላለች፤ እናቷንና አማቷን ያልጠየቀችውን ለማን ትጠይቃለች? ደግሞም ሕመም የአራስነት ደንብ ነው ብላ ስለምታስብ ዝም ትላለች። ሆድ ሲብሳት፣ ያለ ምክንያት ስታለቅስ፣ እንቅልፍ ሲነሣት ደግሞ «እንዲህ ያለ ልጅ አግኝታ!» እንዳትባል ትፈራለች። የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ታሪክም ይህንኑ ዝምታ ያሳያል። ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን በ1959 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ወደ አዲስ አበባ መጥተው ካከሟቸው ሴቶች ውስጥ ሽንታቸውን መቈጣጠር ስላቃታቸው ብቻ ከሰው ተለይተው ዓመታት የኖሩ ነበሩ።

ሁለተኛው ምክንያት የቀን አቈጣጠራችን ነው። ቤተ ሰቡ 40 እና 80 ይቈጥራል፤ ጤና ጣቢያው ደግሞ ለክትባቱ 45 ይላል። ሁለቱም አቈጣጠር ለሕፃኑ ነው፤ ያኛው ለክርስትናው፣ ይህኛው ለክትባቱ። ለእናቲቱ የተቈጠረ ቀን የለም። በር ላይ ቆማ «መቼ ልመለስ?» ብላ ስትጠይቅ «በ45 ቀን» የተባለች ሴት በሦስተኛው ቀን ብትቀር አጥፊ አይደለችም፤ የታዘዘችውን ፈጽማለች።

ሦስተኛው የኪስና የጊዜ ነገር ነው። የወሊድ አገልግሎት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነጻ ነው፤ ታክሲው ግን ነጻ አይደለም። ባልየው የቀን ሠራተኛ ከሆነ የቀረበት ቀን ደመወዝ የለውም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እናት ከወለደች በኋላ 90 ቀን ዕረፍት እንድታገኝ፣ አባትም ሦስት ቀን እንዲያገኝ ደንግጓል። ጉልት ለምትቸረችረዋ ግን አዋጁ አይደርስላትም፤ የአራስነት ዘመኗን የሚወስንላት የመሶቧ ልክ ነው።

ስለ ምችና ስለ ብርድ የሚያወሩትን እናቶቻችንን በንቀት የሚመለከት የተማረ ወጣት ቢኖር የቪየናን ታሪክ ያንብብ። ሐኪሙ ኢግናዝ ሴመልቫይስ በሚሠራበት የወላዶች ክፍል በ1847 ሚያዝያ ከ100 ወላዶች 18 ያህሉ በአራስ ትኩሳት ሞቱ። የዚያን ዘመን ሊቃውንት ከምክንያቶቹ አንዱ መጥፎ አየር ነው ይሉ ነበር። ሴመልቫይስ ግን የሕክምና ተማሪዎቹ ሬሳ ከፍተው ሲመለሱ እጃቸውን በክሎሪን ኖራ ውሃ እንዲታጠቡ አዘዘ፤ በሰኔ ሟቾቹ ከ100 ወደ ሁለት ያህል ወረዱ። የአውሮፓ ሊቃውንት አየሩን ሲከሱ ከኖሩ፣ የእኛ እናቶች ንፋሱን ቢከሱ ምን ያስደንቃል? እነርሱን የሚያሳምናቸው ንቀት አይደለም፤ የአከራያችን ዓይነት ብልኀት ነው።

ሥርዓታችንን ረጋ ብለን ብንመረምረው ሐኪም የሚከለክል አንቀጽ አናገኝበትም። የ40 እና የ80 ቀኑ ሥርዓት የሚናገረው ቤተ ክርስቲያን ስለ መግባት ነው። የሙስሊሞቹም 40 ቀን ስለ ሶላትና ስለ ጾም ነው። ስለ ጤና ጣቢያ አንዱም አልተናገረም። ብርዱም ቢሆን ጋቢ አለው። መውጣቱ እጅግ ካስፈራም የሚመጣ ሰው አለ። በ2009 (በአውሮፓ አቆጣጠር) በከተሞች የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹን ወደየቤቱ የሚልክ ነው። ነገር ግን ባለሙያዋ በየጓዳው ማን እንደ ወለደች በምን ታውቃለች? አንድ ጎረቤት ወይም አንድ የዕድር ሰው ሄዶ ሊነግራት ይገባል።

ጤና ጣቢያዎቹም የሚያደርጉት አለ። የወላዲቱ የሦስተኛ ቀንና የሁለተኛ ሳምንት ቀጠሮ ከሕፃኑ ቀጠሮ በላይ በጉልህ ይጻፍላት፤ ለእርሷም ብቻ ሳይሆን ለምታርሳት እናት በቃል ይነገር። ከቤት የምታዝዘው ወላዲቱ ሳትሆን አራሿ ናትና።

ከእኛ ከጠያቂዎቹ የሚፈለገው ደግሞ ከባድ አይደለም። በሦስተኛውና በሰባተኛው ቀን አራስ ጥየቃ የምትሄድ ሴት ሁሉ ወንዶቹ ወጣ እስኪሉ ጠብቃ፣ በጆሮዋ ዝቅ ብላ ትጠይቃት። ደሙ በዛ? ሽታ አለው? ብርድ ብርድ ይልሻል? ራስሽን አጥብቆ ያምሻል? ዓይንሽ ይጋረዳል? ሆድ ይብስሻል? ሕፃኑስ ይጠባል? ሰውነቱ ቢጫ ሆኗል? እትብቱ መግል ይዟል? ከእነዚህ ለአንዱ እንኳ «አዎን» የሚል መልስ ካገኘች፣ ገንፎው ይቀዝቅዝ፤ ታክሲ ይጠራ።