የዓይን ብሌንና የብርሃን ምላጭ

የአገራችን ሰው እጅግ የሚሳሳለትን ነገር «እንደ ዓይኔ ብሌን እጠብቀዋለሁ» ይላል። እኛም ይህን አነጋገር ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማውና ስንናገረው ኖረናል፤ ነገር ግን ብሌን ራሷ ምን እንደ ሆነችና ምን እንደምትሠራ ለመመርመር ያነሣሣን የግራ ዓይናችን በሞራ መጋረድ ነው። ፊደሉ ሁሉ ጉም የለበሰ መስሎ ማንበብ ባስቸገረን ጊዜ፥ ሐኪማችን ሞራው በቀዶ ጥገና መውጣት እንዳለበት ነገሩን፤ ሥራውም እንደ ተለመደው በእጅ፥ ወይም በከፊል በሌዘር ሊከናወን እንደሚችል አስረዱን። ዓይንን የሚያህል ነገር አሳልፎ ለመስጠት የሚቸኵል የለምና፥ ከመወሰናችን በፊት ነገሩን አጥብቀን መጠየቅ ጀመርን።

ብሌን ጥቍር ሆና ብትታይም፥ በባለቀለሙ የዓይን መጋረጃ መካከል የተከፈተች ክብ መስኮት ናት እንጂ ራሷን የቻለች አካል አይደለችም። ሁለት ጡንቻዎች ያዝዙባታል፤ አንደኛው ዙሪያዋን ከብቦ ያጠብባታል፥ ሁለተኛው ወደ ዳር እየሳበ ያሰፋታል። በደማቅ ብርሃን እስከ 2 ሚሊሜትር ያህል ትጠባለች፤ በወጣትነት ዕድሜ ደግሞ በጨለማ እስከ 8 ሚሊሜትር ልትሰፋ ትችላለች። ሞራ የሚይዘው ሌንስ ከበስተኋላዋ ስለሚገኝ፥ ሐኪም ወደ እርሱ የሚደርሰው በዚህችው መስኮት አልፎ ነው። ስለዚህ ከሥራው አስቀድሞ ብሌኗን የሚያሰፋ ጠብታ ይደረጋል።

ፌምቶሰከንድ የተባለው ሌዘር ለሞራ ቀዶ ጥገና በሰው ዓይን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የዋለው በ2008 እ.ኤ.አ. በቡዳፔስት ከተማ፥ በፕሮፌሰር ዞልታን ናጅ እጅ ነው። አንድ ሰከንድ ለቢሊዮን ተከፍሎ፥ የተገኘው ደግሞ እንደ ገና ለሚሊዮን ቢከፈል አንድ ፌምቶሰከንድ ይሆናል፤ የዚህ ሌዘር ብልጭታ ዕድሜ የሚለካውም በዚሁ ነው። ጨረሩ የሌንሱን ሽፋን 5 ሚሊሜትር ያህል ስፋት ባለው ክብ ይቈርጣል፥ የደደረውንም ሌንስ ይሰነጣጥቃል። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በድምፅ ሞገድ በሚሠራ መሣሪያ ስብርባሪውን አውጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል።

ያስደነቀን ነገር የሚገኘው በእነዚህ በሁለቱ ሥራዎች መካከል ነው። ጨረሩ ተግባሩን ከፈጸመ በኋላ፥ በጠብታ ሰፍታ የነበረችው ብሌን በአንዳንድ ሕመምተኞች ላይ መልሳ መጥበብ ትጀምራለች። ምላጭ ሳይነካት ለምን ትጠባለች? ሐኪማችንን ይህን ብንጠይቃቸው፥ «ዓይን የነካውን አይለይም፤ መነካቱን ግን ያውቃል» ሲሉ መለሱልን። በጨረሩ የተነካው የዓይን ክፍል ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር ይለቃል፤ ይህም ሰውነት ጉዳት ሲደርስበት የሚያመነጨው ሲሆን አጥባቢውን ጡንቻ ያኰማትራል። መስኮቲቱ በጠበበች ጊዜም ሥራው አስቸጋሪ ይሆናል፤ መሣሪያው የዓይኑን መጋረጃ ሊነካ፥ የሌንሱም ከረጢት ሊቀደድ ይችላል።

መድኃኒቱ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው ነው። ሐኪሞች ከጨረሩ በፊት የቍጣ መከላከያ ጠብታ ያደርጋሉ፤ በሌዘሩና በቀዶው መካከል ያለውንም ጊዜ ያሳጥራሉ። ብሌኗ ይህን ሁሉ አልፋ ብትጠብም፥ በመድኃኒት ወይም በትንንሽ መቀልበሻ ወይም በቀለበት ደግፈው ያሰፏታል። በፈረንሳይና በእንግሊዝ ተካሂደው በ2020 እ.ኤ.አ. ውጤታቸው የታተመ ሰፊ ጥናቶችም ሌዘሩ በእጅ ከሚሠራው የተሻለ የማየት ውጤት እንዳላስገኘ አሳይተዋል። እኛም ይህን ሁሉ አመዛዝነን በእጅ የሚሠራውን መረጥን፤ ሌዘሩን ግን አንንቅም።

ከዚህ ያገኘነው ትምህርት ለዓይን ሐኪም ብቻ የሚሆን አይመስለንም። መሣሪያው የቱንም ያህል ቢረቅ፥ የሚነካው ሕይወት ያለው ነገር እስከ ሆነ ድረስ ምላሽ መኖሩ አይቀርም። የመምህር ተግሣጽ በተማሪ ልብ፥ የሹም ደብዳቤ በባለጉዳይ ቤት የሚያደርሰው ነገር አለ፤ በቀናነት የተጻፈ መሆኑም ብቻውን አያድነውም። ስለዚህ ብልህ ሰው ከመንካቱ በፊት ያዘጋጃል፤ ከነካም በኋላ ተከፍቶ የነበረው እንዳይዘጋ ነቅቶ ይመለከታል።