ይድረስ ለእታለም

ነታንያ፣ ጥቅምት መጨረሻ

ውድ እታለም፣

የእማዬ ጉልበት ተሻላት? ባለፈው በስልክ የጀመርኩልሽን ወሬ መስመሩ ቆረጠው። እንኳን ስለ ወፍ፣ ስለላክሁት ገንዘብም በቅጡ ሳንደማመጥ ነው የቀረነው። ስለዚህ በደብዳቤ ልጨርሰው ብያለሁ።

አብሮኝ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አለ፤ በልጅነቱ ከሩማንያ የመጣ ነው። ወፍ ማየት የሚሉት አመል አለበት። ዓርብ ሥራው ግማሽ ቀን ስለሆነ «ዛሬስ ምን ሰበብ አለህ?» ብሎ በመኪናው ጫነኝ። ሰንበት ሳይገባ ቤቴ እንዲያደርሰኝ ቃል አስገብቼው ከነታንያ በስተሰሜን ወጣን።

መጀመሪያ የወረድነው የአሌክሳንደር ወንዝ ባሕር ከሚገባበት ቦታ፣ ቤት ያናይ ከሚባለው ዳርቻ ነው። ወንዝ ይሉታል እንጂ የእኛ ሰው ጅረት ብሎ የሚያልፈው ነው። አሸዋው ላይ ከድንቢጥ ተለቅ የሚሉ ነጫጭ ወፎች ነበሩ። ማዕበሉ ወደ ኋላ ሲሰበሰብ ይከተሉታል፣ ሲመለስ ይሸሹታል፤ እግራቸው ከፍጥነቱ የተነሣ አይታይም። የሚፈለፈሉት ከሰሜን ዋልታ አጠገብ ነው ቢለኝ አላመንኩትም ነበር፤ መጽሐፉን አውጥቶ አሳየኝ። ዕረፍት የሌላቸው ናቸው፣ ማየቱ ራሱ ያደክማል።

ከዚያ ወደ ውስጥ ስንነዳ ማሳ የሚገለብጥ ትራክተር አገኘን። ከኋላው ሽመላዎች! በእርሻ በሬ ኋላ እንደሚሰለፉት ሆነው፣ ከተገለበጠው አፈር የወጣውን ትል እየለቀሙ። መኪናውን አስቁሜ ወረድኩ። አያታችን ሽመላ በሰማይ ሲያልፍ ከደጅ አውጥታ የምታስጮኸን ትዝ ይልሻል? አገራችን ኢየሩሳሌም ደህና ናት ወይ ብላችሁ ጠይቁ ስትለን፣ አንቺ አጥር ላይ ወጥተሽ ከሁላችን በላይ ትጮኺ ነበር። ለሽማግሌው ነገርኩት። ትንሽ አሰበና፣ ወደዚህ የሚያልፉት በየካቲትና በመጋቢት ነው፣ ወደ እናንተ የሚወርዱት ደግሞ ከነሐሴ ጀምሮ ነው፤ ታዲያ በየትኛው ጊዜ ነበር የምትጠይቁት? አለኝ። በሁለቱም ይሆናል፤ ግን ነገሩ ከነከነኝ። ወሬ የሚኖራቸው ከዚህ ሲመለሱ ነው። እነርሱ ሲመለሱ እኛ ደግሞ ማማ ላይ ሆነን ማሽላ እንጠብቃለን፤ ወንጭፍ በእጁ የያዘ ልጅ ወፍን ስለ ኢየሩሳሌም አይጠይቅም።

ለምን በዚህች ጠባብ አገር ላይ እንደሚተላለፉ ላስረዳሽ። ሽመላና ፔሊካን ክብደታቸው ብዙ ስለሆነ ክንፋቸውን እያራገቡ ረጅም መንገድ አይችሉም። ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው አየሩ ወደ ላይ ይነሣል፤ እነርሱ በእርሱ ላይ እየተሽከረከሩ ይወጡና ከላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ወደ ፊት ይንሳፈፋሉ። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር አይነሣላቸውም። ስለዚህ ከምሥራቅ አውሮፓ የተነሡት ሜዲትራኒያንን በቱርክ በኩል ዞረው፣ በሶርያና በሊባኖስ አድርገው እዚህ ይደርሳሉ፤ ከዚያ ሲና፣ ከዚያ የዓባይ ሸለቆ። የወፍ ዓይነቱ ሁሉ አንድ ላይ ሲታሰብ በየመንፈቁ 500 ሚሊዮን ያህል ወፍ ያልፋል ይላሉ።

ወደ ጉዟችን ልመለስ፤ የሄድንበት ዋናው ቦታ ስም ዔመክ ሔፈር ነው፤ በነታንያና በሐዴራ መካከል ያለ ሜዳ፣ ብርቱካንና የዓሣ ኩሬ የሞላበት። ከአንድ የውሃ ማጠራቀሚያ አጠገብ መመልከቻ ተሠርቷል፤ እንደ ማማችን ነው፣ ወፍ ለማባረር ሳይሆን ወፍ ለማየት። ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ባዶ ነበር። ከዚያ በሰሜን በኩል አንድ ነገር ብልጭ ይላል፣ ይጠፋል፣ እንደገና ብልጭ ይላል። ፔሊካኖች ናቸው። ሲዞሩ ነጩ ጀርባቸው ፀሐይ ይመታውና ያበራል፤ ሲገለበጡ ከክንፋቸው ሥር ጥቁሩ ይወጣል። አየሩ ሲቀዘቅዝ ማረፍ ግድ ስለሚሆንባቸው ነው ከሰዓት በኋላ የሚመጡት።

አንዱ ከፊት ለፊታችን አረፈ። በቴሌስኮፑ ስመለከተው ፊቴ ላይ የወረደ መሰለኝ። እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ በውሃው ላይ እየተንሸራተተ ቆመ፤ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር ያህላል። ዓይኑ ዙሪያ ላባ የለውም፣ ቆዳው ሐምራዊ ቢጤ ነው። ከመንቆሩ ሥር የሚንጠለጠለው ቢጫ ከረጢት ውሃ ሞልቶ ሲወጣ፣ መንቆሩን ወደ ደረቱ ያጎነብስና ውሃውን በቀስታ ያንጠባጥባል፤ ዓሣውን የሚውጠው ከዚያ ወዲያ ነው። ትዕግሥቱ አስገረመኝ። ሌሎቹ በግማሽ ክብ ተሰልፈው ዓሣውን ወደ ጥግ እየነዱ ጭንቅላታቸውን ሁሉም በአንድ ጊዜ ይደፍቁታል። ጎርጎራ በሄድንበት ጊዜ ጣና ላይ እንዲህ ሲያደርጉ አይተናል፤ አንቺ ጸሎት ላይ ያሉ ይመስላሉ ብለሽ ነበር።

ሽማግሌው ከሁሉ የሚወዳቸው እነዚህን ነው፤ አብዛኞቹ እርሱ ከተወለደበት አገር፣ የዳኑብ ወንዝ ጥቁር ባሕር ከሚገባበት ረግረግ ይነሣሉ። በአንድ መከር ከ40 ሺህ በላይ በዚህች አገር ያልፋሉ። «ከኔ አገር ወደ አንተ አገር!» እያለ ይስቃል፤ ብዙዎቹ የሚወርዱት ደቡብ ሱዳን ረግረግ መሆኑን ራሱ ነው የነገረኝ፣ ደስታውን ማበላሸት አልፈለግኩም።

ዓሣ አርቢዎቹ ግን አይወዷቸውም፤ እውነታቸውን ነው። አንዱ ፔሊካን በቀን ከኪሎ በላይ ይበላል፤ ሺህ ሆኖ ኩሬሽ ላይ ቢያርፍ ምን ትያለሽ? እኛ ለማሽላችን ወንጭፍ አንሥተን የለ! ጠቡን ለማብረድ ለዓመታት የተያዘው ዘዴ ይኸው ማጠራቀሚያ ነው፤ ገበያ የማይወደውን ዓሣ ሆነ ብለው ይለቁባቸዋል፣ በልተው መንገዳቸውን ይቀጥላሉ። ለመንገደኛ ወፍ ምሳ ታስቦበት፣ በጀት ተይዞለት። እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል፣ አልመቀኛቸውም። ብቻ ወደዚህ ለመምጣት ያስገባሽው ፋይል ስንት ዓመት ጠረጴዛ ላይ እንደተቀመጠ ትዝ አለኝና ለሽማግሌው አንድ ቃል ተናገርኩ። ዝም ብሎ ሻይ ቀዳልኝ። የቀረውን አንቺ ጨርሺው፣ ከእኔ ይልቅ አንደበት አለሽ።

ሰንበት ሊገባ ሲል ደረስን፤ ቃሉን ጠብቋል። ለሲግድ በዓል ኢየሩሳሌም እወጣለሁ፣ ያንቺንም ልመና አደርሳለሁ።

አሁን አንድ ሥራ ልስጥሽ። አውሮፓ ውስጥ ሽመላ ጫጩት ሳለ እግሩ ላይ የፕላስቲክ ቀለበት ያደርጉለታል፤ ብዙ ጊዜ ጥቁር ነው፣ ፊደልና ቁጥሩ ነጭ፣ ከጉልበቱ በላይ ይታያል። ማሳ ላይ የቆመ ሽመላ ካገኛችሁ ከልጆቹ አንዱ ቀስ ብሎ ተጠግቶ በስልኩ ፎቶ ያንሣው፤ ወፉን አታስሩጡት፣ ድንጋይም እንዳይወረውር። ፎቶውን በዋትስአፕ ላኪልኝ። ቁጥሩ ከተነበበ የየት አገር ልጅ እንደሆነና በስንት ዓመቱ እንዳለ ሽማግሌው ጠይቆ ያመጣልናል። የገንዘቡን ነገር ደግሞ ከሰንበት ማግሥት ደውዬ እነግርሻለሁ፣ ስልክሽን ቻርጅ አድርገሽ ቆዪኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ