በሐምሌ ወደ ጅቡቲ?
ትምህርት ሲዘጋ ልጆቹን ይዘን ጅቡቲ ወንድሜ ዘንድ ለመሄድ እያሰብን ነበር። ልጆቹ ባሕር አይተው አያውቁም፤ እናቴም ልጇን ካየች ሁለት ዓመት አልፏታል። ሐምሌ ግን የጅቡቲ ሙቀት የሚበረታበት ወር ነው፤ ቀን ላይ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፣ ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስም ይነፍሳል። አቅሙ ያለው የአገሬው ሰው ራሱ በዚህ ወቅት ወደ እኛ ደጋ ይወጣል። እናቴ ደግሞ ደም ግፊት አለባት። ስለዚህ ጉዞውን ገለበጥነው፦ በሐምሌ ወንድሜ አዲስ አበባ ይመጣል፤ በገና ሰሞን እኛ እንወርዳለን። ያኔ ሙቀቱ 29 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤም ግዙፎቹ ዌል ሻርኮች ይታያሉ። እናንተም ሞቃት አገር ለመሄድ ስታቅዱ፣ ቲኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የአገሬው ሰው በዚያ ወር የት እንደሚከርም ጠይቁ።