ደንቆሮ መኪና ይነዳል እንዴ?

ርዕሱን አይታችሁ እንዳትቀየሙኝ። ቃሉ የጎዳናው ነው። አማርኛችን በዚህ በኩል ትንሽ ይጨክናል፤ «ደንቆሮ» ሲል የማይሰማውንም የማያውቀውንም ባንድ ከረጢት ይከታል። ስለዚህ መስማት የተሳነው ሰው መሪ ልጨብጥ ሲል ሰዉ ጆሮውን ትቶ አእምሮውን መጠርጠር ይጀምራል። ጨዋውም ባለጌውም ያቺኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ክላክስ በምን ልትሰሚ ነው?»

እመልሳለሁ። መጀመሪያ ግን ራሴን ላስተዋውቅ።

የአዴት ልጅ ነኝ። በሰባት ዓመቴ ማጅራት ገትር ታምሜ ተረፍኩ፤ ቀኝ ጆሮዬ ግን አልተረፈም። ግራው በመሣሪያ እየታገዘ ጥቂት ይሰማል፣ የቀረውን ከከንፈር አነባለሁ። አሁን የምሠራው ባሕር ዳር ነው። እናቴ አዴት ናት። በመካከላችን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። እንደ ሌላው ሰው ተደዋውለን «አመመኝ»፣ «አይዞሽ» አንባባልም፤ እሷ አታነብም፣ እኔ ስልክ አልሰማም። መልእክቷን የጎረቤት ልጅ ነው የሚጽፍላት። ስለዚህ ሲያማት ሄጄ ፊቷን ማየት አለብኝ። መንዳት ቅንጦት ያልሆነብኝ ለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ማሠልጠኛ (ስሙ ይቆየን) ከመመዝገቢያው ጠረጴዛ መለሰኝ። ሴትዮዋ የተናገረችው እንኳ አብሮኝ ለሄደው ወንድሜ ነው፤ «ለእሷም ለሰዉም አደጋ ነው» አለችው። ከከንፈሯ አነበብኩት። ሁለተኛው ማሠልጠኛ ተቀበለኝ። የጤና ምርመራውንም ከነመሣሪያዬ አለፍኩ።

እና ይገርማችኋል፣ የከበደኝ ክላክሱ አልነበረም። የከበደኝ አስተማሪው ነው! የመንዳት ትምህርት በአፍ ነው የሚሰጠው፤ «ፍሪሲዮን ርገጪ፣ ማርሽ ቀይሪ፣ ኧረ ቀስ!» አስተማሪው የሚቀመጠው ከለማጁ በስተቀኝ ነው፤ ያ ደግሞ ድፍኑ ጆሮዬ ነው። በግራ በኩል መስኮቱ ሲከፈት ነፋሱና የሚያልፈው አይሱዙ መሣሪያው ውስጥ አብረው ይጮሃሉ። ከንፈሩን ላንብብ ብል ዓይኔ ከመንገዱ ይነሣል።

ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ጮኸ። በሁለተኛው ቀን ባሰበት። በሦስተኛው ቀን ሞተር ሳናስነሣ ወረቀት አውጥቼ ተስማማን። መዳፉን ከዳሽቦርዱ በላይ ከዘረጋ ፍሬን፣ ጣቱ ወደጠቆመበት መታጠፍ፣ ትከሻዬን ሁለቴ ከነካ ዳር ይዤ ቆሜ ፊቱን ማየት። ረጅም ማብራሪያ ሁሉ መኪናው ቆሞ ነው። ከሳምንት በኋላ «የሚሰሙትንም እንዲህ ባስተምር ጉሮሮዬ ያርፍ ነበር» አለኝ። ማርሹንስ? ሌላው ሰው የሞተሩን ድምፅ ሰምቶ ይቀይራል፤ እኔ ከመሪውና ከወንበሩ ንዝረት አውቀዋለሁ። ሞተር ሲጨነቅ መዳፍ አይሸወድም።

አሁን ወደ ክላክሱ እንምጣ። የአዴትን መንገድ በገበያ ቀን ያያችሁ ታውቁታላችሁ። እህል የጫነው አህያ፣ ጋቢውን እስከ ጆሮው የተከናነበው ገበሬ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ልጆች፣ ሁሉም አስፋልቱ ላይ ነው። ብዙ ሾፌር እዚህ ጋ ምን ያደርጋል? ክላክሱን አንባርቆ በዚያው ፍጥነት ያልፋል። በእሱ ቤት ግዴታውን ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የሰሚው ዕዳ ነው።

ያ ሰሚ እኔ ብሆንስ? ነበርኩም። ልጅ ሆኜ ውኃ ቀድቼ ስመለስ አንድ መኪና ከኋላዬ መጥቶ ነጠላዬን ታክኮ አለፈ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ የተናገራት ቃል ርዕሱ ላይ አለችላችሁ።

ስለዚህ እኔ ጀርባውን ሰጥቶኝ የሚሄድ ሰው ሳይ እንዳልሰማኝ ቆጥሬ ፍሬን እይዛለሁ። ጋቢ የተከናነበው ገበሬ፣ ኢርፎን የሰካው ተማሪ፣ ሐሳብ የገባው ሽማግሌ፣ ሁሉም ለዚያች ደቂቃ እንደኔ ናቸው። በአገራችን መንገድ ከሚሞቱት ብዙዎቹ እግረኞች ናቸው። የጎደለን ጆሮ ይሁን ፍሬን እናንተው ፍረዱ።

«አምቡላንስስ?» ትሉኛላችሁ። መብራት አለው፤ እኔም ስፖኪዮዬን ቶሎ ቶሎ አያለሁ። ደግሞስ መስኮት ዘግቶ ሙዚቃ እስከ ጣሪያ የለቀቀውን ማን መንጃ ፈቃድ ነሣው?

ሌላው ዓለም ይህን ክርክር ቆይቶበታል። በአሜሪካ አንዳንድ ግዛቶች እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መስማት ለተሳናቸው ሰዎች መንጃ ፈቃድ ይከለክሉ ነበር፤ ማኅበራቸው ተሟግቶ ነው የተከበረላቸው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2008 ሕጓን አሻሽላ ምንም የማይሰሙ ሰዎች ሰፊ ስፖኪዮ ገጥመውና የቢራቢሮ ምልክት ለጥፈው እንዲነዱ ፈቀደች። በደቡብ ኮሪያ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ መስማት የተሳናቸው ሾፌሮች ከተሳፋሪ ጋር በታብሌት እየተግባቡ ታክሲ ይሠራሉ። እኛስ? ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 20 ላይ፣ አካል ጉዳተኛ በተቻለ መጠን ራሱን ችሎ እንዲንቀሳቀስ መንግሥታት እርምጃ ይውሰዱ ይላል።

እኔ የምጠይቀው ከዚያም ያንሳል። ቲኦሪው ክፍል ውስጥ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ይኑር። አስተማሪው ሞተር ከማስነሣቱ በፊት ከለማጁ ጋር በምልክት ይስማማ። መዝጋቢዋም የምትለውን ለወንድሜ ሳይሆን ለእኔ ትንገረኝ፤ ፊቷን ካዞረችልኝ አነባታለሁ።

መንገዱ ሰላም በሆነ ቀን የወንድሜን አሮጌ ቪትስ ይዤ አዴት እወርዳለሁ። እናቴን አንድ ሁለቴ አሳፍሬያታለሁ። ከፊት ተቀምጣ መንገዱን ሙሉ ታወራለች፤ ዓይኔን ከአስፋልቱ ስለማላነሣ አንዲት ቃል አላይላትም። ስንደርስ ሞተር አጥፍቼ ወደ እሷ እዞራለሁ። ያን ጊዜ ሁሉንም እንደገና ከመጀመሪያው ትነግረኛለች።

ቸር ይግጠመን።