ሳይሞቅ የሚጠፋ ሞተር

በልጅነቴ በዱርቤቴ በኩል በቆሎ ጭነው የሚያልፉ የኤንትሬ ሾፌሮች ጎህ ሳይቀድ ነበር የሚነሡት። ረዳቱ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዞ በጨርቅ ይጠርገዋል፤ ከትቶ እንደገና ይመዘውና ለሾፌሩ ያቀብለዋል። ሾፌሩ ዘይቱን በሁለት ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ወደ አፍንጫው ያስጠጋል። ናፍጣ ናፍጣ ከሸተተው ጉዞው ይቀርና መካኒክ ይፈለጋል። ደህና ከሆነ ሞተሩ ይነሣል፤ ድምፁ እስኪሰክን ሻይ ይጠጣል። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ የሚነቃው በዚያ ድምፅ ነበር።

ዛሬ መንገድ ዳር የቆመች ሃይብሪድ፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ መኪና፣ ስትነሣ አትሰማም። ነዳጅ ትቆጥባለች፤ የማደያ ሰልፍ ላየ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የሚያሳስበኝ «ሞተሩ ግማሹን መንገድ ጠፍቶ ነው የሚሄደው፤ ዘይቱን ምን ያበላሸዋል?» የሚለው ወሬ ነው። የሚያበላሸው ሳይሞቅ መጥፋቱ ነው። ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤት በምትመላለስ መኪና ላይ ሞተሩ ይነሣል፣ ሳይሞቅ ይጠፋል። ያልተቃጠለው ቤንዚን በፒስተኑ ዳር ሾልኮ ዘይቱ ውስጥ ይገባል፤ እርጥበቱም ሳይተን እዚያው ይቀራል። ብዙ ሃይብሪዶች የሚወስዱት 0ደብሊው-20 ዘይት ደግሞ ከመነሻውም ቀጭን ነው። ዘንጉ ላይ ዘይቱ ሳይጨመርበት ከፍ ብሎ ከታየ ቤንዚን ሳይገባበት አይቀርም፤ ግን ኮፋኖውን ማን ከፍቶ ያያል? ኪሎ ሜትሩ ገና ነው ተብሎ ይታለፋል። ቶዮታ ለአሜሪካ ባወጣው መመሪያ ሲንተቲክ ዘይት በ16,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ1 ዓመት ይቀየር ሲል፣ አቧራማ መንገድ ላይ ለሚነዳ ግን ወደ 8,000 ወይም ወደ 6 ወር ያወርደዋል። ከዱርቤቴ አስፋልት ወጥቶ ወደ አቸፈር ገጠር የሚገባ ሰው የትኛው ውስጥ እንደሚመደብ ግልጽ ነው።

የድሮዎቹ መኪኖችም ችግር ነበረባቸው። የዓባይን በረሃ ስንወርድ አውቶቡሱ በተቃጠለ ፍሬን ሽታ ይሞላል፤ እናቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው ማርያምን ይጠራሉ፤ ረዳቱም ድንጋይ ይዞ በሩ ላይ ይቆማል።

ያ ሽታ ሃይብሪድ ውስጥ እምብዛም የለም። ቁልቁለቱ ባትሪዋን ይሞላል፣ የፍሬን ሸራዋም ዕድሜ ያገኛል፤ ይህን ትርፍ አልክድም። ዘይቱንም ቢሆን ማዳን ይቻላል፦ ከዱርቤቴ ባሕር ዳር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ እዚያ ደርሳ የምትመለስ መኪና ሞተሯ በደንብ ይሞቃል፣ እርጥበቱም ይተናል። ከከተማ የማትወጣው ግን ኪሎ ሜትሯ ሳይታይ በየ6 ወሩ ዘይቷና ፊልትሮዋ ይቀየር።