በዳሞታ ግርጌ ያለ አሮጌ በር

ባለፈው ታኅሣሥ 24 ቀን የጻድቁን የአቡነ ተክለ ሃይማኖትን በዓለ ልደት በደብረ መንክራት ገዳም ለማክበር ወደ ወላይታ ወርደን ነበር። ጻድቁ በጥንቱ ዳሞት ወንጌልን መስበካቸውን ገድላቸው ይናገራል። ሶዶ ከተማ በዳሞታ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር በሚያህል ከፍታ ላይ ያለች ናት። በዚያ አገር በልጉ ሲያልፍ ክረምቱ ስለሚከተል፣ ከበጋው ወራት በቀር በደጅ ላለ እንጨት ዕረፍት የለውም።

ያረፍነው ባለቤታቸው በሞቱባቸው አክስታችን ቤት ነው። የቤቱን በር ሟቹ ከዋንዛ ሳንቃ በገዛ እጃቸው ሠርተውት ነበር፤ አስከሬናቸውም የወጣው በዚያው በር ነው። አሁን ግን ቫርኒሹ ተልጦ፣ ገጹ አመድ መስሎ፣ ግርጌው መበስበስ ጀምሮ አገኘነው። የበኩር ልጃቸው የብረት በር ሊያስገባ ቈርጦ ነበር፤ አክስታችን ግን ሳንቃውን እየዳበሱ ዝም አሉ።

ስለዚህ አንድ ሽማግሌ አናጢ ተጠሩ። እርሳቸውም በመሮ ጫፍ ወግተው መረመሩና፥ «ብስባሱ ከሁለት ጣት አያልፍም፤ ልቡ ደኅና ነው» አሉ። ምክንያቱንም ሲያስረዱን፣ ፀሐይ የእንጨቱን ጅማቶች አጣብቆ የያዘውን ነገር እየበላች ገጹን ታገረጣዋለች፤ ዝናምም በተሰነጠቀው ቫርኒሽ ሥር ይገባል፤ ከሁሉ የከፋው ግን የበሩ ፊት ተቀብቶ የታችኛው ጠርዝ ሳይቀባ መቅረቱ ነው፤ የተቈረጠ የእንጨት ጫፍ እንደ ኩራዝ ክር ውሃ ይስባልና።

አክስታችንም ይህን ሲሰሙ፥ «ያን ጊዜ የዚህ ልጅ ክርስትና ደርሶ ቸኩለው ነበር» አሉ።

በሩ ከማጠፊያው ተፈትቶ በጥላ ሥር ተጋደመ። የበሰበሰው ተቈርጦ በደረቅ ዋንዛ ተተካ፤ ስንጥቁም በሰጋቱራና በኮላ ተደፈነ። አሮጌው ቫርኒሽ ተፍቆ ከተነሣ በኋላ፣ ገጹ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎም በለስላሳው፣ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ታሸ። አቧራው ተጠርጎ ለደጅ የሚሆን ቫርኒሽ በስሱ ሦስት ጊዜ ተቀባ፤ የፊተኛው ሳይደርቅና በቀላሉ ሳይታሽ የኋለኛው አልተደረበም።

የታችኛውን ጠርዝ ግን ለአናጢው አልተዉላቸውም። የበኩር ልጅ ብሩሹን ተቀብሎ፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ ሦስቱንም ጊዜ ራሱ ቀባው።

ውድ አንባቢያን ሆይ፣ በጋው ሳያልፍ እያንዳንዳችን የበራችንን ግርጌ ዝቅ ብለን እንመልከት። አባቶቻችን በጥድፊያ የተዉትን መፈጸም የልጆች ድርሻ ነውና።