አራተኛ ፎቅ ያሉት ጋሼ

ልጅ ያለው ሰው እሑድን ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ይፈራታል። ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ነው፣ ታክሲ የለም ነው፣ ዝናብ ነው እያለ ሲገፋው የከረመው ጥያቄ ጠዋት ገና ፊቱን ሳይታጠብ ራስጌው ቆሞ ይጠብቀዋል። "አባዬ፣ ዛሬ የት ነው የምንሄደው?" መሄዱማ ያለቀ ጉዳይ ነው፤ የቀረው ቦታው ነው።

እኔ ባደግሁበት ጉለሌ ልጅ ይወጣ ነበር እንጂ አይወሰድም ነበር። "ውጣልኝ፣ ቤቱን ልጥረግበት" ይባልና ይወጣል፤ ሲርበው ይመለሳል፤ በመሀሉ የት እንደዋለ የሚያውቀው ሰፈሩ ነው። እዚህ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ግን ውጭ ማለት መኪና ማቆሚያ ማለት ነው። ልጄ ኳስ ሲመታ አንዱ ዓይኑ ኳሱ ላይ፣ ሌላው ዓይኑ የጎረቤታችን ቪትዝ መስታወት ላይ ነው፤ የቪትዙ ባለቤትም በረንዳው ላይ ሆኖ ሁለቱንም ያያል። ስለዚህ የዘመኑ ልጅ ታጥቦ፣ ለብሶ፣ በአዋቂ እጅ ተይዞ፣ መግቢያ ተከፍሎለት ነው የሚጫወተው።

ከተማዋ በዚህ በኩል አልሰሰተችም። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ ተከፈተ፤ እንጦጦ ፓርክ በዓመቱ ተከተለ፤ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ተመረቀ። ለእኛ ትውልድ የነበረው ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ነው። አንበሶቹም ጀርባቸውን ሰጥተውን ይተኛሉ፣ እኛም ተነሡ ብለን እንጮኻለን፤ ማንም ማንንም ሳያዝናና ይመሻል።

እንጦጦ የወጣን ዕለት ባለቤቴ ፎቶ ታነሣለች፣ እኔ ሰልፍ እይዛለሁ። የሚከፈልበትን መጫወቻ ሁሉ አንድ በአንድ ካየን በኋላ ትንሹ ልጄ ምን ሲያደርግ ዋለ መሰላችሁ? የባሕር ዛፍ ፍሬ ሲለቅም። ያቺን ቆብ የደፋች የምትመስል ጠንካራ ፍሬ ድንጋይ ላይ ይሞርዳታል፣ መሀሏ ላይ ስንጥር ይሰካባታል፣ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ያሽከረክራታል። ስትወድቅ ሌላ። የመግቢያውንና የታክሲውን ሂሳብ እያሰላሁ ተቀምጬ ሳየው፣ ይህን ፍሬ እኮ ከቤታችን ጀርባ ካለው ዛፍ ሥርም በነፃ ያገኘው ነበር አልኩ። ባለቤቴ ግን "ቤት ብንሆን ማን ይህን ያህል ሰዓት ዝም ብሎ ያስቀምጠው ነበር?" አለችኝ። እውነቷን ነው። አንዳንድ ሽርሽር ዋጋው ልጁን ለማዝናናት ሳይሆን ወላጁን ለማስቀመጥ የሚከፈል ነው።

አምስት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሙዚየም ደግሞ ሌላ ነገር ሰጠን። ኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘችውን ሉሲን፣ ድንቅነሽን፣ ለልጆቼ ላሳይ ነው የሄድኩት። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ብዬ እጄን ዘርግቼ አስረዳሁ። ቀጥሎ ሰላም አለች፤ የዘረሰናይ ዓለምሰገድ ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት፣ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናት የሞተች ሕፃን። ሰው "የሉሲ ልጅ" እያለ ይጠራታል፤ እኔም እንደ ሰው "ይህቺ የሉሲ ልጅ ናት" አልኩ። ዕድሜዋን 3.3 ሚሊዮን ብዬ ጨመርኩ። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ትልቋ ልጄ ጣቷን እየቆጠረች ቆየችና "ታዲያ ልጅቷ እናቷን በመቶ ሺህ ዓመት ትበልጣታለች?" አለች። አጠገባችን የቆሙት ጥበቃ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ከዚያ ቀን ወዲህ ታናሽየው ስትቆጣው "ሰላምም እኮ ከሉሲ ትበልጣለች" ይላታል። ምን ማለቱ እንደሆነ እሱም አያውቀውም፤ ግን ክርክሩን ያሸንፍበታል።

ይህን ሁሉ የማወራው መውጣትን ላጣጥል አይደለም። የሚያሳስበኝ ነገር ስላለ ነው። በእነዚህ ቦታዎች ሁሉ ልጅ ተመልካች ነው። የሚያየው የሰው ሥራ ነው፤ የሚነካው "አትንካ" የተባለውን ነው። ባለፈው ክረምት ይህ አስጨንቆን ሥዕል ኮርስ አስገባናቸው። ክፍያው ደህና ነበር። በመጨረሻው ቀን ወላጆች ተጠርተን ግድግዳው ላይ የተደረደረውን ሥዕል አየን፤ ሁሉም ተራራ፣ ሁሉም ጎጆ፣ ሁሉም በቀኝ በኩል አንድ ዛፍ። የልጄን የለየሁት በስሟ ነው። ቤት አምጥተን ፍሪጅ በር ላይ ለጠፍነው፣ "ጎበዝ!" አልናት። እሷም "እሺ" ብላ ሄደች። የወላጅ "ጎበዝ" ርካሽ መሆኑን ልጅ ያውቀዋል። ሾርባ ሲጨርስም ይባላል፣ ጥርሱን ሲፋቅም ይባላል።

በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ተብሎ በወር አንድ እሑድ ዋና ዋና መንገዶች ለመኪና ሲዘጉ ያየሁት ነገር ግን አይረሳኝም። ሌላ ጊዜ መኪና ብቻ የሚሄድበት አስፋልት ላይ ልጆች በጠመኔ ሰኞ ማክሰኞ አስምረው ይዘላሉ። ማንም አላዘጋጀላቸውም፣ ማንም ቲኬት አልቆረጠም። መስመሩ ሲጣመም የሚቆጣው ሌላ ልጅ ነው። አላፊ አግዳሚውም መስመሩን ላለመርገጥ ዞሮ ያልፋል። ያ ዞሮ ማለፍ ለኔ ትልቅ ነገር ነው። የማያውቃቸው ሰው ሥራቸውን እንደ ሥራ ቆጠረላቸው።

አባቶቻችን ይህን ጉዳይ ያለ ኮርስ ጨርሰውት ነበር። ቡሄን እዩት። ነሐሴ 13 ቀን ደብረ ታቦር ይውላል፤ በዋዜማው ችቦ ይበራል፣ ሙልሙል ይጋገራል። ታቦር ተራራ ላይ ብርሃን ታይቶ ቀን የመሰላቸው እረኞች ሳይመለሱ ቢቀሩባቸው ወላጆች ችቦ ይዘው፣ ዳቦ ቋጥረው ፍለጋ ወጡ ይባላል። እና ልጅ ጓደኞቹን ሰብስቦ፣ ዱላ ይዞ፣ ግጥም ደርድሮ ሆያ ሆዬ እያለ በር ለበር ይዞራል። ይህን በዓል የማደንቀው በልጁ ዘፈን ብቻ አይደለም፤ በአዋቂው ግዴታ ነው። ያቺን ማታ በሩን የማይከፍት ሰው ቆንቋና ነው። ከፍቶ መስማት፣ ሰምቶ መሳቅ፣ ሥቆ መስጠት አለበት። ልጁም እናቱ ላልሆነ፣ አስተማሪው ላልሆነ፣ ሊያሞግሰው ምንም ምክንያት ለሌለው ሰው መዝፈን አለበት። የፈጠራ ትምህርት ቤት ከዚህ ሌላ ምን ሊኖረው እንደሚችል አላውቅም።

ባለፈው ቡሄ ለልጄ ጅራፍ ልገምድለት ተነሣሁ። ቃጫ ገበያ ፈልጌ ስላጣሁ የማዳበሪያ ከረጢት ክር መዘዝን። አንዱን ጫፍ በረንዳው ብረት ላይ አሰርኩ፣ ሌላውን ለልጁ ሰጠሁት፣ አክርረው አልኩት። ክሩ ከርሮ ከርሮ በራሱ መጠምጠም ሲጀምር መሀሉን ይዞ ማጠፍና ጫፎቹን ማጋጠም ነው፤ ያኔ አንተ ሳትነካው ይገመዳል። መያዣው አካባቢ ወፍራም ይሆንና ወደ ጫፉ እየቀጠነ ይሄዳል። ነገሩ ሁሉ እዚህ መቅጠኑ ላይ ነው። የእጅ ጉልበት ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲሸጋገር ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ጫፉ ከድምፅ ይቀድማል፤ የምንሰማው ጩኸት እሱ ነው። በታቦር ተራራ የተሰማውን ነጎድጓድ ያስታውሰናል ይባላል። ልጄ ግቢው መሀል ቆሞ በሦስተኛው ሙከራ ሲያጮኸው የቪትዙ አላርም ጮኸ። ባለቤቱ በረንዳው ላይ ወጣ፣ ጅራፉን አየ፣ ወረደ። ሊቆጣ ነው ብዬ ስጠብቅ "እስቲ አምጣው፣ አያያዝህ ልክ አይደለም" አለና ተቀበለው። አብረን ስንኖር ከሰላምታ ያለፈ ነገር ያወራነው ያን ዕለት ነው።

ማታ የሕንፃችን ልጆች ተሰበሰቡ። ትልቋ ልጄ ገጣሚ ሆና ገባች። አያቷ በስልክ "ሴት ልጅ ሆያ ሆዬ ትላለች እንዴ? የሷ አበባየሆሽ ነው" ብለው ነበር። "ሁለቱንም ነው የምለው" አለቻቸው። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሆያ ሆዬ ማለት ደረጃ መውጣት ነው፤ ሊፍት የለም፣ ዱላው ሲሚንቶው ላይ ሲመታ ድምፁ ከምድር ቤት እስከ ጣሪያ ያስተጋባል። ከመሄዳቸው በፊት ከየበሩ ጀርባ ማን እንዳለ ማወቅ ነበረባቸው፤ ሰውየው ካልታወቀ ምን ተብሎ ይገጠምለታል? "ሁለተኛ ፎቅ ማን ነው ያለው?" ስትለኝ እኔ ስሙን አላውቀውም። እሷ ግን ጫማው በር ላይ እንደሚደረደር፣ ሚስቱ ነርስ እንደሆነች፣ ከትናንት ወዲያ እንግዳ እንደመጣባቸው ሁሉ ታውቃለች። አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ ጡረተኛ አሉ፤ ለእሳቸው ይህን አዘጋጀች፦

አራተኛ ፎቅ ላይ የተሰቀሉት ጋሼ፣
መጣሁ በደረጃው ጉልበቴን ጨርሼ።

ጋሼ በሩን ከፈቱ፣ እስኪጨርሱ አዳመጡ፣ ገንዘቡን ከማውጣታቸው በፊት "ይቺ የመጀመሪያዋ ስንኝ አንድ ቀለም ተርፏታል" አሉ። ለካ የአማርኛ መምህር ነበሩ። እዚያው በር ላይ ቁመው በጣታቸው ስድስት ስድስት እየቆጠሩ የወል ቤትን አስረዷቸው። "'የተሰቀሉት' የሚለውን 'ከላይ ያሉት' ብትይው ይስተካከላል" አሏት። እሷ አሰበችና "ይስተካከላል፣ ግን አያስቅም" አለች። ጋሼ ጥቂት ዝም አሉ፣ ከዚያ "ተይው፣ ይቅር" ብለው መቶ ብር ሰጡ። ከኋላ ደረጃው ላይ ቆሜ ስሰማ በክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ሲያስተምሩ እንዲህ ዓይነት መልስ ስንቴ እንደገጠማቸው ልጠይቃቸው ፈልጌ ነበር።

ሁሉ በር ተከፈተ ብዬ አልዋሽም። መብራቱን ያጠፋ አለ። "ነገ ኑ" ያለ አለ። ባለቤቴም ብትሆን ነገሩ ልመና እንዳያስለምዳቸው ትፈራለች፤ ፍርሃቷም መሠረት አለው። ከሌላ ሰፈር በትልልቅ ልጆች ተመርቶ የሚመጣ ቡድን ግጥሙን ቶሎ ቶሎ ጨርሶ እጁን ብቻ ይዘረጋል፤ ብር ሲያንሰውም ይሳደባል። የሕንፃው ኮሚቴ ጥበቃው የውጭ ልጅ እንዳያስገባ ይከልከል፣ ሆያ ሆዬም እስከ ሁለት ሰዓት ብቻ ይሁን የሚል ሐሳብ አንሥቷል። በሰዓቱ እስማማለሁ፤ ሕፃን የሚያስተኛ ሰው አለ። በጥበቃው ግን አልስማማም። በሩን ለራሱ ልጆች ብቻ የሚከፍት ሕንፃ ቡሄን አላከበረም፣ የልደት ድግስ ነው ያዘጋጀው። የሚሳደበውን መመለስ ይቻላል። ግጥም ሳይሰሙ ብር መስጠትን ማቆምም ይቻላል፤ በኔ እምነት የልጆቹን ሙያ ያበላሸነው እኛው ነን፣ ሳንሰማ እየከፈልን።

ከቡሄ እስከ እንቁጣጣሽ ያለው ጊዜ አጭር ነው። ልጆቹ ወዲያው ወደ ሥዕል ዞሩ፤ አደይ አበባ፣ ፀሐይ፣ ክንፍ ያለው መልአክ፣ ከሥሩ "እንኳን አደረሳችሁ"። ትንሹ ልጄ ሁለት ሥዕል እንደጨረሰ እጁ ደከመውና መፍትሔ ይዞ መጣ። አንዱን ፎቶ ኮፒ እናስነሣውና ቀለም ብቻ እንቀባበት። ሕንፃው ብዙ በር አለው፣ ስለዚህ ሂሳቡ አሳማኝ ነበር። ዝም አልኩ፤ ይህን ሌላ ሰው ይንገረው ብዬ።

የነገሩት አንደኛ ፎቅ ያሉት እማማ ናቸው። መስከረም 1 ቀን ጠዋት ሥዕሉን ተቀብለው መነጽራቸውን አድርገው አገላበጡት። ከጎረቤታቸው ሥዕል ጋር አስተያዩት።

"ይሄ የኔ አይደለም፣ የሁሉም ነው" አሉት። "በቡሄም ለአራተኛ ፎቁ ሰውዬ ሙሉ ግጥም ብላችሁ ለኔ ሁለት ቃል ጣል አድርጋችሁ ነው ያለፋችሁት። አሁን ደግሞ በማሽን!"

"እጄን ደክሞኝ ነው እማማ።"

"እንግዲያው ተቀመጥ፣ ይረፍልህ። ለዚህ አሥር ብር ነው የምሰጥህ። የኔን በር ከነጤና አዳሙ ብትስልልኝ ሃያ።"

ልጄ ደረጃው ላይ ተቀመጠ፣ ወረቀቱን ገለበጠው፣ በሩን አየ፣ ጣሳ ላይ የበቀለውን ጤና አዳም አየ፣ አጠገቡ ተጋድማ ፀሐይ የምትሞቀውን ድመት አየ።

"ድመቷም ካለችበት ሠላሳ ነው" አለ።